ከተረፈ አካል ስለሚገጣጠም የጀግና አሻንጉሊት

ከአዘዞ ተነሥቶ ወደ ጎርጎራ የሚወርደው መንገድ የደምቢያን ሜዳ ሲያቋርጥ ቆላ ድባን ያገኛል። የዚህ ሜዳ አፈር ዋልካ ነው፤ በክረምት እግር ይይዛል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ለገበሬው አስቸጋሪ የሆነው ይህ ጥቁር አፈር ለከብት ጠባቂው ልጅ ግን ከሁሉ የቀረበ የሥራ ዕቃ ነው። ልጁ በሬውን ከጭቃ ያበጀዋል፤ ቀንዱን ከእሾኽ ወይም ከስንጥር ያደርግለታል፤ ቀንበሩን ከአገዳ ይቆርጥለታል። ከተማ የቀመሰው ልጅ ደግሞ ሽቦ አጥፎ መኪና ይሠራል፤ የመኪናውም እግር ቆርኪ ነው፣ ወይም ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ተከርክሞ የወጣ ጎማ ነው። በሁለቱም ሥራ አንድ ነገር ይታያል፤ ይኸውም ለአንድ ነገር የተፈጠረው ክፍል ለሌላ ነገር አካል ሆኖ ማገልገሉ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው የዚሁ ሥራ ሩቅ ዘመድ ነው። በአሜሪካና በጃፓን፣ በኋላም በሌላው ዓለም፣ የልጆች አሻንጉሊት ሲሰበር ወይም ሲሰለች የቀረውን እጅ፣ እግር፣ ራስና ካባ እየሰበሰቡ በፋብሪካ ያልተሠራ አዲስ ጀግና የሚገጣጥሙ ሰዎች አሉ። ጀግናውም ከሰው በላይ ኀይል አለው የሚባል፣ በሥዕል መጽሐፍና በፊልም የታወቀ፣ ወይም ገጣጣሚው ራሱ ያሰበው ነው። ስለዚህ ዓይነቱ ሥራ ሲነገር ከሁለት አንዱን መስማት የተለመደ ነው። አንደኛው ወገን ከቆርቆሮና ከፕላስቲክ ቁራጭ የተሠራውን ሁሉ «የድኻ ብልኀት» ብሎ አመስግኖ ያልፈዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ ውዳቂ ነው፣ ባህልን ያበላሻል፣ ብሎ ይተወዋል። አመስጋኙም ነቃፊውም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ምስሉን አንሥቶ የተመለከተው የለም። የጭቃውን በሬ ያየ ሰው ግን በሬው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ልጆቹም ራሳቸው ይጠይቃሉ፣ መጥፎውንም ያፈርሱታል። ለተገጣጠመውም ጀግና ይኸው ፍርድ ይገባዋል።

ፍርዱ ከአሠራሩ ይጀምራል። ገጣጣሚው አስቀድሞ መጠናቸው የተስማማ አሻንጉሊቶችን ይመርጣል፤ የአንዱ ራስ ለሌላው ትከሻ ከበዛ ወይም ካነሰ በኋላ በምንም አይታረቅምና። ፕላስቲኩ እንዲለሰልስ በፈላ ውሃ ነክሮ መጋጠሚያውን ያላቅቀዋል፤ በለሰለሰበት ጊዜ ያልተሳበ እግር ሲሳብ ይሰበራል። ከዚያ የተለየውን አካል በተፈለገው ግንድ ላይ ይተክላል፤ ቀዳዳው ቢሰፋ በማጣበቂያ ያጠበዋል፣ ቢጠብ በሞረድ ይበላዋል። የጎደለውን ጡንቻ፣ ፀጉር ወይም ትጥቅ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ በሚጠነክር ሊጥ መሳይ ማጣበቂያ ይሞላል። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ መደብ ቀብቶ፣ በስስ በስሱ ደጋግሞ ቀለም ያለብሰዋል። እዚህ ላይ ጀማሪው ሁሉ የሚወድቅበት ስፍራ አለ። ቀለም ውፍረት አለው፤ እጁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር መጋጠሚያው ቀለሙን ይፍቀዋል፣ ከሥሩም የቀድሞው ባለቤት ቀለም ብቅ ይላል። ያወቀ ገጣጣሚ ይህን አስቀድሞ አስቦ የመጋጠሚያውን ውስጥ በቀለሙ ውፍረት ልክ ይሞርደዋል። ያላወቀው ደግሞ ቀለሙ እንዳይነሣ ሲል እጁን በማጣበቂያ ያደርቀዋል፤ አሻንጉሊቱም ከዚያ ወዲያ ሐውልት ነው።

እንግዲህ የሥራው መልካምነት የሚፈተነው በመጋጠሚያው ነው። ፊቱ ያማረ፣ ካባው የተዋበ፣ ነገር ግን ክንዱ የማይነሣ ጀግና ለጨዋታ ሞቷል። በውጭ አገር በዚህ ሥራ ከሚመሰገኑት መካከል ብዙዎቹ በዚህ ፈተና ይወድቃሉ። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ቆመው ለፎቶግራፍ እንዲያምሩ የተሠሩ ናቸውና። ሊቅነታቸው የሠዓሊ ነው እንጂ የአሻንጉሊት ሠሪ አይደለም።

ሥራው የፋብሪካው ተቃራኒ ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ይኖር ይሆናል። እውነቱ ግን ፋብሪካውም ከዚሁ ሥራ መውጣቱ ነው። የማቴል ኩባንያ ሠራተኛ የነበረው ሮጀር ስዊት እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ለአዲስ ጀግና ናሙና ሲያዘጋጅ ከባዶ አልጀመረም። ቢግ ጂም የሚባለውን የኩባንያውን የቀድሞ አሻንጉሊት አንሥቶ፣ እግሩን ከፍቶ ለጦርነት ያጎነበሰ አስመስሎ አጣበቀው፤ በላዩም ሸክላ እየለጠፈ ጡንቻውን አበዛው። ከዚህ ናሙና የወጣው ሂ ማን በ1982 ለገበያ ቀረበ። ጀግናው የሚቀመጥበት አረንጓዴ ነብር ባትል ካትም ቢሆን ለቢግ ጂም አሻንጉሊቶች የተሠራው ነብር ቅርጽ ነው፤ ቀለሙ ተለውጦ ኮርቻ ተጫነበት። ሚሊዮን ልጆች አዲስ ጀግና ብለው የተቀበሉት ከአሮጌ አካልና ከአሮጌ እንስሳ የተገጣጠመ ነበር ማለት ነው። ልጁ ቤቱ ተቀምጦ ይህን ቢያደርግ «አበላሸው» ይባላል፤ ኩባንያው ሲያደርገው ግን ፈጠራ ይባላል።

ክሎድ ሌቪ ስትሮስ እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው «ያልተገራ አስተሳሰብ» ተብሎ ሊተረጐም በሚችለው መጽሐፉ፣ በእጁ ባገኘው ቁርጥራጭ የሚሠራውን ሰው ከመሐንዲስ ጋራ አነጻጽሮታል። መሐንዲሱ ለአሳቡ የሚስማማ ዕቃ ያስፈልጋል፤ ቃራሚው ግን አሳቡን ላገኘው ዕቃ ያስማማል። እያንዳንዱም ቁራጭ ቀድሞ ያገለገለበትን ነገር ወሰን ይዞ ይመጣል። ይህ ትምህርት ለአሻንጉሊቱ ሥራ በእጅጉ ይጠቅማል፤ ክርኑ ዘጠና ዲግሪ ብቻ የሚታጠፍ እጅ ቀስት የሚስብ ጀግና እንዲሆን አይፈቅድም፣ ገጣጣሚውም ጀግናውን ጦረኛ ያደርገዋል። ሆኖም ንጽጽሩ አንድ ነገር ያጎድላል። ለሌቪ ስትሮስ ቁራጩ የሚያስታውሰው የቀድሞ አገልግሎቱን ነው። ለልጁ ግን ቁራጩ የሚያስታውሰው የቀድሞ ባለቤቱን ነው። ይህ እግር የእከሌ ነበረ፣ እከሌም በእንዲህ ያለ ጦርነት ተሰበረ፤ አዲሱ ጀግና በዚያ እግር ሲቆም የዚያን ሰው ዕዳ ወይም በረከት ይወርሳል። ቁራጩ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ውርስ ነው። መጋጠሚያ ማለትም የሁለት ታሪክ መገናኛ ነው፤ ስለዚህ ስፌቱ ሙሉ በሙሉ ሲሰወር ሥራው ያምር ይሆናል እንጂ አንድ ነገር ይጠፋበታል።

ይህን ሰምና ወርቅ ብሎ መጥራት ለማንም ይቀላል፤ በጣና ዙሪያ ቅኔ በተዘረፈበት አገር ስለ ማናቸውም ነገር ይህን ማለት ልማድ ሆኗል። ነገር ግን አይስማማም። ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁም በቦታው ይገባል፤ እዚህ ግን የቀድሞው አካል አይቀልጥም፣ ከአዲሱ ጋራ አብሮ ይታያል። የሚቀርበው ምሳሌ ዝቅ ያለው ነው፤ ድሪቶ። ድሪቶ ለድኻ ኀፍረት ሲሆን ለባሕታዊ ክብር ነው፤ ጨርቁ ያው ነው፣ ስፌቱም ያው ነው፣ የሚለየው የለበሰው ሰው ነው። የተገጣጠመውም ጀግና ድሪቶ ለባሽ ስለ ሆነ፣ በእርሱ ላይ ልዩ ልዩ ቀለም መታየቱ ብቻውን ነውር አይሆንም። ነውር የሚሆነው ልብሱ ሰውየውን ሲሸፍነው ነው፤ ይኸውም የሚታየው የቁርጥራጭ ብዛት እንጂ ጀግናው ያልሆነ እንደ ሆነ ነው።

በአማራ አገር ይህ ጥያቄ ከሌላ ስፍራ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በጣና ደሴቶችና በዳርቻው ባሉት አብያተ ክርስቲያናት የጀግናና የሰማዕት ሥዕል ግድግዳውን ሞልቶታል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በአምባላይ ፈረሱ፣ መርቆሬዎስም በጥቁር ፈረሱ ይታወቃሉ። ነገር ግን በሥዕል ይህን ያህል የበለጸገ አገር በዙሪያው ሊዞሩት የሚቻለውን፣ በእጅ የሚያዘውን የሰው ምስል ለማበጀት ብዙ አልደከመም። የኮንሶ ሰዎች ለጀግኖቻቸው ዋካ የሚባለውን የእንጨት ምስል ሲያቆሙ፣ በሰሜኑ ደጋ ቤተ ክርስቲያን ለተቀረጸ ምስል ስፍራ አልሰጠችም። ስለዚህ ሰውን በሙሉ አካሉ የማበጀት ሥራ በአብዛኛው ለሕፃናት ቀረ፤ የጨርቅ አሻንጉሊት ለምታዝል ልጅና ጭቃ ለሚያቦካ እረኛ። ከባሕር ማዶ የመጣው ጡንቸኛ ጀግና የገባው በዚህ ባዶ ስፍራ ነው። የቀደመ ጌታ ያለውን ዙፋን አልቀማም።

ከጎንደር በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው ወለቃ ለዚህ ነገር የምታስተምረው አለ። በዚያ የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፤ እንስራና ድስት ከሚሠሩበት ጭቃ ትንንሽ የሰውና የእንስሳ ምስል እየሠሩ ለመንገደኛ መሸጥን አስፋፉ። ምስሎቹም ሕዝቡ ራሱ ባልወደደው በ«ፈላሻ» ስም በዓለም ታወቁ። ሠሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985፣ ከዚያም በ1991 ወደ እስራኤል ከተሻገሩ በኋላ ሥራው አልቆመም፤ የቀሩት የአካባቢው ሴቶች ያንኑ ቅርጽ፣ ያንኑ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ እየሠሩ መሸጥ ቀጠሉ። በዚህ ሠሪዎቹን የሚወቅስ ፍርደ ገምድል ነው፤ እንጀራቸው ነው። ስለ ምስሉ ግን እውነቱን መናገር ይገባል። በሻንጣ እንዲገባ አነሰ፤ እንዳይሰበር እጁ ከሰውነቱ ጋራ ተጣበቀ፤ ገዢው ቶሎ እንዲያውቀው ፊቱ አንድ ዓይነት ሆነ። መንቀሳቀስ የሚገባው ነገር ሁሉ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ። ለመስታወት ሣጥን የተገጣጠመው የአሜሪካ ጀግና እጁ በማጣበቂያ የደረቀበት ምክንያት፣ የወለቃዋ ምስል እጇ ከደረቷ የተጣበቀበትም ምክንያት፣ ተመልካች ተጫዋችን መተካቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና መድረስ ይቻላል። አንድ የደምቢያ ልጅ ወይም በውጭ አገር የሚያድግ የኢትዮጵያዊ ልጅ ከተረፈ አሻንጉሊት ዐፄ ቴዎድሮስን ሊገጣጥም ቢነሣ ምን ያደርጋል? ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ካሳ ኃይሉ ከቋራ ወጥቶ ደጃዝማች ጎሹን ያሸነፈበት ጉር አምባ በዚሁ በደምቢያ ነው፤ ዘመኑም 1845 ዓ.ም. ነበረ። መጀመሪያ የሚታሰበው ቀላሉ መንገድ ነው። ደረቱ የሰፋ የአንዱን የአሜሪካ ጀግና ግንድ ያነሣል፤ ራሱን ነቅሎ ሹሩባ የተሠራ ራስ ይተክልበታል፤ ቡናማ ቀለም ይቀባዋል። እንዲህ ያለው ሥራ በብዛት የሚታይ ነው፤ ራስ ለውጦ ጀግና ለወጥሁ ማለት። ነገር ግን ቴዎድሮስ አይሆንም፤ የቴዎድሮስ ራስ ያለው ባዕድ ነው።

ምክንያቱ በቀለም ወይም በፊት አይደለም፤ በአካሉ ነው። የአሜሪካው ጀግና ኀይሉን በገላው ያሳያል፤ ልብሱ ከሥጋው ጋራ የተጣበቀው ጡንቻው እንዲቆጠር ነው። ብዙ ጊዜ ጡጫውን ጨብጦ፣ በሁለት እግሩ መሬት ረግጦ ይቆማል፤ ካስፈለገውም ይበራል። የሐበሻ ጀግና ግን በሥዕልም በትረካም ገላውን አያሳይም። የሚታየው ለምዱ፣ ጎፈሩ፣ ጋሻውና ጦሩ ነው፤ ከሁሉ በላይ ፈረሱ ነው። የሚጠራውም በፈረሱ ስም ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አባ ጠና ናቸው። ባለ ሁለት ስም መሆን ለአሜሪካው ጀግናም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የእርሱ ሁለተኛ ስም ፊቱን የሚሸፍንበት ጭንብል ሲሆን፣ የሐበሻው ሁለተኛ ስም በጦር ሜዳ ጮኾ የሚፎክርበት ነው። አንዱ በስሙ ይሰወራል፣ ሌላው በስሙ ይገለጣል።

ከዚህ የተነሣ ለዚህ ሥራ መገኘት ያለበት መጋጠሚያ አንገት ሳይሆን ዳሌ ነው። ርካሹ አሻንጉሊት በአምስት ስፍራ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ እግሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል እንጂ ወደ ጎን አይከፈትም። እንዲህ ያለ ሰው ወንበር ላይ ይቀመጥ ይሆናል፤ ፈረስ ላይ ግን አይወጣም። ዳሌው ድቡልቡል መጋጠሚያ ያለው አሻንጉሊት መፈለግ፣ ወይም እንደ ስዊት እግሩን ከመጀመሪያው ከፍቶ ማቆም ግድ ይሆናል። ደረቱ ምንም አይጎዳም፤ በለምድ ይሸፈናል። ካባው ተቀዶ ለምድ ይሆናል፤ ከአንበሳ አሻንጉሊት የተቆረጠው ጎፈር በራሱ ላይ ይደፋል። ፈረሱ ከሌላ ሣጥን፣ ምናልባትም ከከብት አሻንጉሊት መካከል ይመጣል፤ መጠኑ ቢያንስ የጥንቱ ሠዓሊም ፈረሱን ከሰውየው አሳንሶ ሥሎታልና አያሳፍርም። ይህን ያደረገ ልጅ ሐበሻን ከአሜሪካ ቀላቀለ አይባልም፤ አካልን ከአካል መርጦ የጀግናን ትርጕም አስተካከለ ማለት ነው። ራስ ብቻ የለወጠው ግን ስሙን ለወጠ እንጂ ጀግናውን አልነካውም።

እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የሚባል ኢትዮጵያዊ ልዕለ ኀያል በሥዕል መጽሐፍ ታትሞ ወጥቷል። መልካም ጅማሬ ነው፤ ዳሩ ግን የሥዕል ጀግና በወረቀቱ ላይ የፈለገውን መሆን ይችላል፣ የመጋጠሚያን ፈተና አያውቀውም። በእጁ ሊይዘው የሚሻ ልጅ ከሌላ ጀግና አካል ቢጀምር፣ የትኛው አካል እንደሚታዘዝለትና የትኛው እንደማይታዘዝለት ያን ጊዜ ያውቀዋል።

ለባህል ጥናት የሚቀረው ከባዱ ጉዳይ ግን መሰብሰብ ነው። ማርሴል ግሪዮል በግድግዳ ላይ የተጫሩትን የሐበሻ ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1933፣ የሐበሻን ጨዋታዎች ደግሞ በ1935 በመጽሐፍ ባወጣ ጊዜ፣ ሌሎች ከቁም ነገር ያልቈጠሩትን ነገር ለሊቃውንት ዐይን ማቅረቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን እርሱ የመራው የዳካርና ጂቡቲ ጉዞ በ1932 በጎንደር በሰነበተበት ጊዜ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አውርዶ፣ በቦታቸው ግልባጭ ለጥፎ፣ እውነተኞቹን ወደ ፓሪስ ወስዷቸዋል። በዚያ ሰብሳቢው ሥዕሉን አዳንሁት ብሎ ያምን ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ የቀረለት ግን ግልባጭ ነው። አሻንጉሊቱን መሰብሰብ ከዚህ የባሰ ጉዳት አለው፤ ግልባጭ እንኳ ሊተካለት አይችልም።

ጉዳቱም እንዲህ ነው። በስድስት ኪሎ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የሰውን ዕድሜ ተከትሎ፣ ከልደት እስከ ሞት፣ ዕቃዎቹን አሰናድቷል፤ ለልጅነትና ለጨዋታም ስፍራ ሰጥቷል። ይህ አሰናዳድ ዕቃን በብሔረሰብ ብቻ ከመደርደር ይሻላል፤ ዕቃው በሰው ሕይወት ውስጥ መቼ እንደሚገባ ያሳያልና። ነገር ግን የተገጣጠመ አሻንጉሊት በሕይወቱ የሚቆየው ሲፈርስ ነው። የዛሬው ጀግና የነገው መለዋወጫ ነው። ሰብሳቢው ከልጁ እጅ አንድ ጀግና ሲወስድ የወሰደው አንድ ዕቃ አይደለም፤ ገና ያልተሠሩትን የሦስት ወይም የአራት ጀግኖች እግርና ክንድ ነው። ልጁን በአዲስ አሻንጉሊት ካሱት ማለትም መልስ አይሆንም፤ አዲሱ ታሪክ የለውም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚነግዱት ሰዎች ይህን ከሊቃውንት ይልቅ ያውቁታል፤ በእነርሱ ዘንድ ያለቀለት ዕቃ የለም፣ ክፍሉ ያልተፈታ ዕቃ እንጂ።

እንግዲያስ አይሰብሰብ ማለት አይደለም። የሚሰበሰበው ነገር ይለወጥ ነው። የመዝገቡ ወረቀት «የፕላስቲክ አሻንጉሊት፣ ቁመቱ ይህን ያህል» ብሎ ቢዘጋ፣ የጭቃውን በሬ መዝግቦ ቀንዱ ከእሾኽ መሆኑን እንደ መርሳት ነው። ራሱ የማን ነበረ? ግንዱ ከየት መጣ፤ በስጦታ ነው፣ በልዋጭ ነው፣ ከጓደኛ በብይ ተበልቶ ነው? ይህን ጀግና ለመሥራት ማን ፈረሰ? ስሙን ማን አወጣለት፣ ፈረሱስ ስም አለው? መልሱን የሚሰጠው ልጁ ብቻ ስለ ሆነ፣ የልጁ ቃል ከምስሉ እኩል መጻፍ አለበት፤ ምስሉም በፎቶግራፍ፣ በተለይም መጋጠሚያዎቹ ተከፍተው፣ ከተነሣ በኋላ ለባለቤቱ ይመለስ። ከዓመት በኋላ ተመልሶ የሄደ አጥኚ ያንን ጀግና ሳያገኘው ይቀራል። ቀኝ እጁን በሌላ ትከሻ ላይ፣ ጎፈሩን በሌላ ራስ ላይ፣ ፈረሱን ከሌላ ጌታ ሥር ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛው ወረቀት ይጻፋል።